ሁለት ሚሊ

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» ይላል የሀገሬ ሰው፤
እንደ ጋለ ለኖረው፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ላልበረደው፣
ማን ተረተለት? ማን ጠየቀው?

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር ጽዮን፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጓሮ ውርጩ እየቀጠቀጠኝ፣
ለበዓል ከቆመው ቦይለር ጎን፣ ሙቀቱ ገና ሳይለቅ፣
አገኘኋት፤ ከብየዳው ሥር፣ ከፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ።

ጋሽ ሽመክት ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ሥጋ ነው ድሮስ የሚደክመው፤
ይሄ የጀርመን ብረት ነው፣ እንደኔ ወገቡን አያመው።»

ያመዋል።
አምስት መቶ ዲግሪ ላይ፣ ብረት እንደ ሊጥ ባይሆንም
ይለጠጣል በጭነቱ ሥር፣ ቀን ቀንን ሲገፋ፣ ቢያዩት ባይታይም።
ቅንጣት ከቅንጣት ይኳረፋል፤ በመሃል ክፍተት ይገባል፤
ክፍተት ክፍተትን ይጠራል፤ ስንጥቅ ከዚያ ይወለዳል።

ለካሁ። ጻፍኩ። በኅዳር ሦስት ሚሊ፤ በጥምቀት አራት፤
በፋሲካ ማግስት ሰባት።
የቧንቧው ግድግዳ ዐሥራ ሁለት ነው።
አካሄዱም ሜዳ አይደለም፤ ቁልቁለት ነው፤
እንደ ጣርማ በር መንገድ፣ አፋፉ ላይ ዝግ ይላል፣
ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ፍሬን ቢይዙትም ይንደረደራል።

ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ሠርቼ ለአቶ ዘርጋው ሰጠሁ፤
«ሐምሌ አቦን አያይም» አልኩ፤ ፈረምኩ፤ ከዚያ ፈራሁ።
ለብረት ቀን መቁረጥ! ጠንቋይ እንኳ ሰፋ አድርጎ ይናገራል።
«ትዕዛዝ አለብን» አሉኝ፤ «ክረምቱ ይውጣ፣ ያኔ ይታያል።»

እሳቱን ያጠፉት ሽመክት ናቸው፣ በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ፤
ጆሯቸው ምን እንደ ሰማ
አልነገሩኝም። ቫልቩን ዘጉ፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ፣
«ከፈለጉ ያባሩኝ» አሉ፣ ደጅ ወጥተው ተቀመጡ፣ ሲጋራ ለኮሱ።

ዛሬ ሐምሌ አቦ ነው። አዲሱ ቧንቧ ያፏጫል።
አቶ ዘርጋው ኮሪደር ላይ «ይኸው፣ አልፈነዳም» ብለው ያልፋሉ።
አልፈነዳም።
የተሰማ ትንቢት ምስክር የለውም።

ቁራጩን ጠረጴዛዬ ላይ አኑሬ ወረቀት እጭንበታለሁ፤
አንዳንዴ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ጥፍሬን በስንጥቋ እነዳለሁ፤
ዐሥር ሚሊ ገብታለች። የቀረው ሁለት፤
ሁለት ሚሊ፣ የምስር ክክ ውፍረት፤
በዚያ ወገን እንፋሎቱ፣
በዚህ ወገን የጋሽ ሽመክት ወንበር፣ ጋቢያቸው የተንጠለጠለበት።