የእንቅልፍ ሥራ

ኪሉንግ ዛሬም ዝናብ፣ ወደቡም ጭጋግ ነው፤
እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠብኩት፣ ዘይቱ ግን ያው ነው።
የስኩዊድ ጀልባ አምፖል ስጠግን ነው የዋልኩት፣
ሺህ ሻማ የሚያህል ብርሃን በጣቴ ነው ያሰርኩት፤
ማታ ግን አንዲት ጠብታ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሳሳች ሌንስ
ታንቀጠቅጠኛለች፣ ከልጄ ዓይን እስክትደርስ።

“ወደ ጣሪያው እዪ፣ ሹዩን፣ አትሽሺ።”
“አባ፣ ጣትህ ይሻክራል።” “አውቃለሁ። እሺ፣ እሺ።”
አረንጓዴዋ ለቀኝ፣ ሰማያዊዋ ለግራ።
እናቷ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ናት፤ ይህ የኔ ተራ።

ዶክተር ኮ ሊያስረዱኝ ወረቀት ላይ ሥዕል ሣሉ፤
“ዓይኗ እንደ እንቁላል እየረዘመ ነው፣ በየዓመቱ” አሉ፤
“ሌንሷ ሌሊቱን የብሌኑን ፊት ቀስ አድርጋ ትጫነዋለች፣
ጧት ስታወልቋት ልጅቷ ያለ መነጽር ታያለች።
ግን ዓይን ይረሳል” አሉኝ፤ “ጥቂት ሌሊት ከተዋችሁ
ወደ ድሮ ቅርጹ ነው የሚመለስባችሁ።”

የሁለት ወር ደመወዝ በአመልካች ጣት ጫፍ ላይ!
አንዴ መታጠቢያው ውስጥ ወደቀች፤ በባትሪ ስናይ፣ ስናይ፣
ቧንቧውን ፈታሁት፤ ከፀጉርና ከጥርስ ሳሙና አተላ መሀል
ብልጭ አለች። ሹዩን ሳቀች። ጉልበቱ ለዛለ ሰው ሳቅ ከየት ይገኛል?
“እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ” ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር፤
ለካ ሥራ ነው። ሰዓት አለው፤ በጠብታ የሚሰፈር።

ጧት በትንሽዬ የጎማ መምጠጫ ሌንሶቹን ሳወጣ
ሹዩን ወደ መስኮት ትሮጣለች፣ ቁርስ ቢመጣ ባይመጣ፤
የክሬኑን ቁጥር ታነባለች፣ የመርከቧን ስም፣ ዝገቷን፣
ማዶ ሰገነት የተሰጣ ካልሲ፣ የአቶ ሌይን ድመት፣ ጆሮዋን።
እኔ ከመነጽሬ ጀርባ፣ እንደ ጠርሙስ ቂጥ ከወፈረው፣
“በእኛ ጊዜ ይሄ አልነበረም” ብዬ ለራሴ ነው የምነግረው።

ታዲያ ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ማታ፣ እጄን ታጥቤ ብመጣ
“ዛሬ ይቅርብኝ” አለችኝ።
“አመመሽ?”
“አይ።
ጀልባዎቹ ሊወጡ ነው። ያንተ አምፖሎች፣ አባ፣ የድሮዎቹ፣
እያንዳንዳቸው ጨረቃ ያህሉ የነበሩት፣ የተቃቀፉት፣ ትልልቆቹ።
አሁን ሳያቸው ነጥብ ናቸው። ነጥብ ብቻ። ትንንሽ።
ድሮ ባሕሩ ሁሉ አበባ ነበር፣ ስስ፣ ነጭ፣ እንደ ሻሽ።”

ገንዘቡ ታወሰኝ። የሐኪሟ ሥዕል። የእናቷ ቁጣ።
“አንድ ሌሊት” አልኳት። አንዱ አልበቃም፤ ሁለተኛው መጣ።

በሦስተኛው ምሽት ጣሪያ ላይ ወጣን፣ ከውኃ ታንከሩ ሥር፤
ዝናቡ፣ ደግነቱ፣ አባርቶ ነበር።
ጀልባዎቹ ወጡ፣ አንድ በአንድ፣ አድማሱን እየሞሉ።
“መጡልኝ!” አለች። “አባ፣ አበቡ፣ አበቡ ሁሉ!”

መነጽሬን አወለቅሁ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤
ከሰባት ዓመቴ ወዲህ ያለ መነጽር ያየሁት ትራሴን ነው።
ስንቱን አምፖል ፈትቻለሁ፣ በስንቱ ጣቴን ተጠብሻለሁ፤
ሲያብብ ግን ያን ማታ ነው ያየሁ፦
ጠርዝ የሌለው ብርሃን ከብርሃን ጋር ሲጋባ፣
የማን ጀልባ የቱ እንደሆነ ሳይለይ፣ ባሕሩ ሰማይ ሲገባ።
ዝም አልን። ሩቅ የማይሄዱ ሁለት ጥንድ ዓይኖች፣
አንድ ባልዲ ላይ ተቀምጠን፣ እንደ ጎረቤት ሴቶች።

በማግሥቱ ማታ ሣጥኗን ራሷ ናት የከፈተች፤
“ቀኝ አረንጓዴ” አለችኝ፣ ወደ ጣሪያው እያየች።
ሰኞ ፈተና አላት፤ ወንበሯ ከኋላ ነው፣ ሰሌዳው ሩቅ።
መብራት አጠፋሁ። እንቅልፍ ሥራውን ያዘ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ረቂቅ።

ጎሕ ሲቀድ እናቷ ገባች፣ ዣንጥላዋን አራገፈች፤
ማቀዝቀዣው በር ላይ የለጠፍነውን ሠንጠረዥ አየች፦
ሁለት ባዶ ቤቶች።
“ምንድን ነው ይሄ?” አለች።

“ጀልባዎቹ ወጥተው ነበር” አልኳት።