የጅማ በርጩማ

ሂርማታ ከሱቄ፣ መጋዝ ዝም ሲል ማታ፣
መጡ አጎስጢኖስ፣ ዝናቡ ሲገታ።
«ልጇን አምኛለሁ፤ ይበቃኛል» አልኩኝ፣
«የእሷን ለወደደ፤ ግዴታ አይበሉኝ።
‘ወላዲተ አምላክ’ ይሁን፣ እሺ፣ ገባኝ፤
ያለ እድፍ መፀነስ፣ እሱ ነው ያነቀኝ።»

ዝም አሉ። ቆይተው ተነሡና ከላዩ፣
በርጩማውን ገልብጠው እግሩን እያሳዩ፣
«በየቱ ምስማር ነው ይሄን የመታኸው?»
«ምስማር የለውም» አልኩ፤ «አንድ የዋንዛ ግንድ ነው።
እግሩን አልጨመርኩም፤ ከውስጡ ፈልፍዬ
አወጣሁት እንጂ።»
                «እኮ ነው፣ ጌታዬ!
ቤተ ክርስቲያንም ገጥማ አልመታችም፤
ከልጇ ያልወጣን ስለ እሷ አላለችም።
ግዴታ ያልከውም ጭነት አይደል፣ እግር ነው፤
አምላክ ሥጋ ሲለብስ፣ የለበሰው ከእሷ ነው።
አንዱን እግር ቁረጥ፤ ከዚያ ተቀመጥበት።»
መጋዜን አየሁት፤ መልስም አጣሁለት።

አዌቱ ይጮኻል። እሳቸው ሄደዋል።
ያነቀኝ አልወረደም፤ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል።
ግን በጣቴ ዳሰስኩ፣ እግሩ የሚያልቅበትን፣
በጨለማ ፈለግሁ፣ መቀመጫው የሚጀምርበትን።

አጣሁት።