ጉልበቴን ነው

የጋሊሲያ ባሕር ሲሸሽ፣ አሸዋው ሲገለጥ፣
በሴቶቹ ራስቴሎ ጭቃው ሲገለበጥ፣
አርባ ዓመት ዛጎል የለቀመችው ኦብዱሊያ
ዘንድሮ አልወረደችም፤
ከበሩ ኋላ የቆመ ራስቴሎዋን
ዘወር ብላ አላየችም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ትነቃለች፤
ፍሪጁ ሲያጉረመርም ታዳምጣለች።
እሑድ ልጇ ከዙሪክ ስትደውል፣
«ምን በላሽ እማ?» ስትል፣
«ዓሣ» ትላታለች።
ዓሣውን የበላው ድመቱ ነው፤
እሷ ሲበላ አይታዋለች።

ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፤ አውቶቡሱ በቀን ሁለቴ።
«ለአንድ ታካሚ ስምንት ደቂቃ» ይላል የበሩ ማስታወቂያ።
ወጣቱ ሐኪም፣ የልጅ ልጇ እኩያ፣
ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል፣
«ምንዎን ነው?» ሲል፣
«ጉልበቴን ነው» አለች።

አልዋሸችም።
ጉልበቷን ነው፦ ከአልጋ የሚያስነሳውን፣
ፀጉር የሚያስበጥረውን፣
የሟች ባሏን፣ የፌርሚንን ቦቲ ከደጅ አንስቶ
ለሰው የሚያሰጠውን።

እሱ ግን የጉልበቷን ሎሚ ጫን ጫን አድርጎ፣
እግሯን አጥፎ፣ ዘርግቶ፣
«ዕድሜ ነው» አለ። «ሌላስ የሚሰማዎ?»

አለ።
አሸዋውን እንዳልተፋ ዛጎል
ምላሷ ሥር ግጥም ብሎ የተዘጋ ቃል።
ግን ሰባት ዓመቷ ሳለ
ጎረቤታቸው ሳቢና በጋሪ ተጭና ስትሄድ፣
መንደርተኛው በመጋረጃ ሲያጮልቅ፣ አንድ ሰው ሳይወጣ መንገድ፣
ከኮረብታው ማዶ፣ ከነጩ ግንብ ቤት፣
ከዓመት በኋላ ታጥፎ የመጣው
ሽርጧ ብቻ ነው።
ያኔ ነው እናቷ፣
«የምትተክዘው ሥራ የፈታች ናት፤ አንቺ ወገብሽን እሰሪ» ያለቻት።
ይኸው ሰባ ዓመት፣ አልፈታችውም።

ደግሞም ግድግዳው ስስ ነው፤
የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ውጭ ተራ ትጠብቃለች፣
ጆሮዋ ከመርፌ የሾለ ነው።

«የለም» አለች። «እሱ ብቻ።»

ቅባት ታዘዘላት፣ ጧትና ማታ፣ በስሱ።
ከስምንቱ ደቂቃ ሁለት ተርፈው ነበር፤
ስካርፏን ስታስር አለቁ እነሱ።

ፌርማታው ላይ ዝናብ ያዛት።
ጃንጥላዋ ከሐኪሙ ወንበር ጀርባ ቀርቷል፤
ረስታው ይሁን ትታው፣ ለራሷም አልለየላት።
አውቶቡሱ ቆሞ በሩን ከፈተላት፤
አንድ እግሯ መወጣጫው ላይ፣ አንዱ ውኃ ያቆረ መሬት፣
ፊቷ ወደ መጣችበት።
ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋም፤
«እማማ፣ ይሳፈራሉ?» አላት።