የእጅ ጽሑፍ

ቢጫ ፖስታ መጣ፣ ጫፉን ዝናብ ነክቶት፣
ፈረምኩ ለፖስተኛው፤ በቢላ ከፈትኩት።
«የሟች ኦትማር ብሬም ኑዛዜ» ይላል፣
«በታይፕ ስለ ተጻፈ በሕግ ፊት ፈርሷል።»
ሁለት መስመር። አለቀ።
አባቴ ግን እሱን ለመጻፍ ሁለት ክረምት ማቀቀ።

እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሾርባ ሲቀምስ
ሸሚዙ ይቀድመው ነበር፣ ማንኪያው አፉ ሳይደርስ።
«ዶሮ የጫረው ይመስላል፣ ፊደሌ ያሳፍራል» ብሎ
አወረደ የታይፕ መኪና፣ አቧራውን ጠርጎ ጥሎ።
በአንድ ጣት ይመታል፣ ማታ ማታ፣ ቀስ እያለ፣
ታች ለተኛችው አጋተ ጣሪያው የሚያፈስ እየመሰለ።

«ከመንገዱ በታች ያሉት ስድስት ረድፍ ፖሞች
ለአጋተ ይሁኑ፤ እኔን መቀስ ሲከዳኝ፣ የከረከሟቸው እጆች
የሷ ናቸውና።
ትልቁ በርሜል ለገብሃርት፤ ባዶ መሆኑን ሲያይ ይቅር ይበለኝ።
ፍሪዶሊን ያለበትን ዕዳ ትቼለታለሁ፤ እሱም ያንን ጀልባ ይርሳልኝ።
ለሮስቪታ መሰላሉ፤
ከሦስቱ ልጆቼ ያልወደቀች እሷ ናት።»
ከግርጌው ፊርማው ብቻ በእጁ፣ ያ የዶሮ ጭረት፤
ሕጉ ለካ የፈለገው ከላይ እስከ ታች የዚያን ዓይነት።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤
ማን ጻፈው፣ በምን ጻፈው ተብሎም ለካ ይጠየቃል።

ሕግ አስልቶ ሰጠን፤ ሦስት ልጅ፣ ሦስት እኩል እጅ፤
ማንኪያዋም የሦስት ናት፤ በርሜሉም፣ የጓዳው ደጅ።
አንዱ ብቻውን ሊሸጥ፣ ሊሰጥ፣ ሊቆርጥ አይችልም፤
አጋተ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የለችም።
ካልሲውን ስትጠግን፣ ኪኒኑን ስትቆጥር አሥራ አንድ ዓመት፣
ቀለበት የላትምና ሕጉ ፊት እንግዳ ናት።

ከኮንስታንስ ሐይቅ በላይ ጭጋጉ እስከ ቀትር ሲተኛ
በአባቴ ወጥ ቤት ተሰበሰብን፣ ሦስቱ ወራሾች፣ እኛ።
ፍሪዶሊን፣ «ቃሉ ቃል ነው፤ እንፈርምላት» አለ።
ገብሃርት መስኮቱን እያየ፣ ጣቱን እየቆጠረ፣
«ለትራክተር ጎማ አራቴ ከተማ ወርዷል፤
የውል አዋዋዩ ቢሮ ከጎሚስታው ፊት ለፊት ነው፤ ምን ከልክሎታል?»
መልስ አጣሁ።
ያፈረ ይመስለኛል። ሞትን አይደለም፤ እጁን፣
በሰው ፊት ብዕር ይዞ መንቀጥቀጡን።

አጋተ ጠርሙስ ስታጥብ ሰምታ፣ እጇን በሽርጧ አደራረቀች፤
«መቀሱን ብቻ ብትሰጡኝ» አለች።
መቀሱም የሦስት ነው። ማንም አልመለሰላት።

የካቲት ገባ፤ ውርጩ ሳይለቅ ዛፍ የሚከረከምበት ወር።
ጎህ ሲቀድ ገብሃርት አያት፤ መሰላሉ ላይ፣ በዳቦ ቢላ፣
የሷ ያልሆነውን ዛፍ ስትከረክም ነበር።
ምንም አላለም። ቀርቦ መሰላሉን ደገፈላት።
እስከ ዛሬ አልፈረመም፤ በነጋታው ግን መቀሱን አመጣላት።

እኔም ዛሬ ማታ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ መስመር የሌለው ወረቀት ዘረጋሁ፤
ቀኑን ጻፍኩ፣ ቦታውን፣ ሙሉ ስሜን ሳልቆርጥ አስገባሁ።
«ብሞት ማን ያሳድጋቸው?» እዚያ ላይ ብዕሬ ቆመ፤
ገብሃርት ይቆጣል፤ ፍሪዶሊን ይረሳል፤
ሻዩ በረደ፣ መብራቱ ደከመ።
በመጨረሻ የአንዱን ስም ጻፍኩ። የማን እንደሆነ አልናገርም፤
እሑድ ምሳ እጠራዋለሁ፤ ሰው ሳይጠየቅ አይሾምም።

መሰላሉ ለማን ይሁን? እሱ ገና ነው።
እጄም ገና አይንቀጠቀጥም፤ መቸኮሌ ለዚያ ነው።
አንድ ቃል ተሳሳትኩ፤ ሠረዝኩት፤ አልጀመርኩም እንደገና፤
ይታይ፤ የኔ መሆኑ የሚታወቀው በሱ ነውና።