አድራሻ ብቻ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ክላይፔዳ ወደብ፤
ክሬኖቹ ቆመዋል አንገት ደፍተው በሐሳብ።
ስንዴ የጫነች መርከብ፣ ሞተሯ ተነስቶ፣
መሄድ አቅቷት ቆማለች፣ አንድ ወረቀት ጠፍቶ።
የጭነት ዝርዝር ሲጠየቅ፣ ስክሪኑ በቀይ ቀለም
አንድ ነገር ይደግማል፦ «ይህ ዋቢ አይደለም፤
መስመር አራት መቶ አሥራ ሁለት።»

ቫይዶቴ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ስባ
የሰው ኮድ ታነባለች፣ እንደ ደብዳቤ ሌባ።
ፐርል ነው፣ ሃያ ዓመቱ፤ የጻፈው ሪምቪዳስ
ጡረታ ወጥቶ ንብ ያረባል፣ ስልክም አይመልስ።
በኮዱ ውስጥ የተወው ማስታወሻ አንድ ናት፦
«ይህን አትንኩ» ትላለች፤ ለምን? እሱ ይወቃት።

በየመስመሩ መሐል «አትም» የሚል ቃል ሰካች፣
ፋኖስ ይዞ ቤት እንደሚፈትሽ ሰው ክፍል በክፍል ገባች።
ኮንቴይነሩ አለ። ማኅተሙ አለ። ሚዛኑም አልጎደለ።
«ላኪ» በሚለው ሳጥን ግን ሰው የለም፤ አድራሻ አለ፦
ሐሽ፣ ቅንፍ፣ ዜሮ ኤክስ፣ የቁጥርና የፊደል ጥልፍልፍ፣
ቤቱ ፈርሶ በሩ ላይ ብቻ የተረፈ ጽሑፍ።

አንድ እጅ ይህን አድራሻ በጥቅስ አስሮ ጻፈው፤
ዋቢነቱን ጥሎ፣ ቃል መሆን ተረፈው።
መልኩ ያው ነው፣ ቁጥሩ ያው ነው፣ አንድ ፊደል አልተነሳም፤
ቢያንኳኩት ግን አይከፍትም፣ ቢጠሩት አይሰማም።
ላም አለኝ በሰማይ—
አድራሻዋን የያዝኩ፣ ወተቷን የማላይ።

ደግሞ ሌላ ጉድ አለ፤ ፐርል ደግ ነው ከልክ በላይ፦
የሌለ ክፍል ቢጠይቁት «የለም» ማለት ያፍራል፤
እዚያው ባዶ ቤት ሠርቶ «ይኸው» ብሎ ያኖራል።
ቫይዶቴም ስትፈልግ፣ ሳታውቀው ፈጠረች፤
በጠየቀች ቁጥር አንድ ባዶ ላኪ ጨመረች።
በየደጁ «አለ ወይ?» ነው፤ «ምን አለ?» ኋላ ይደርሳል፤
ይህን የዘነጋ ሰው ግን የሌለውን ያነግሣል።

ማን ነው በጥቅስ ያሰረው? መዝገቡን ገልጣ ስታይ—
ሰኞ። የራሷ ስም። «ኮዱን ላሳምር» ባለች ጊዜ ላይ።
ሳቀች፤ ብቻዋን፤ በዚያ በቀዘቀዘ ቢሮ።

ሁለት ጥቅስ ነቀለች፣ ከጥፍር ጫፍ የሚያንሱ፤
የሰኞን ፋይል አስኬደች፤ ስሞቹ ተነሱ፦
የፓኔቬዥስ ማኅበር፣ የኬዳይኒያይ ወፍጮ፣ ሰው ሁሉ ከነሚዛኑ፤
አታሚው እያጓራ ተፋቸው፣ ሊነጋጋ ሲል ቀኑ።

መርከቧ ጮኸች። ቫይዶቴ ግን ከወንበሯ አልተነሳች፤
«ይህን አትንኩ» ከሚለው ሥር፣ ለምን እንደሆን ጻፈች።