የካባቢር ኖራ

ከሐይፋ ወደብ በላይ፣ በቀርሜሎስ ጫንቃ፣
ሁለት ነጭ ሚናራ፣ ፀሐይ ስታነቃ፣
እኔ በገመድ ላይ፣ ባልዲዬን አዝዬ፣
ጨው በላሰው ግንብ ላይ፣ እንደ ሸረሪት ተንጠልጥዬ።
«ጠጋ አርገው» ይለኛል፣ ሹክሪ ከታች ሆኖ፣
እጁን እንደ ጥላ፣ ግንባሩ ላይ ከድኖ፤
«ኖራ አትሰስትብን፣ ስማችን ነው እሱ፤
ካባቢር ምድጃ ነው፣ ይላሉ ሲያወሱ።
ከኒዕሊን ኮረብታ፣ ፍየል እየነዱ፣
ድንጋይ ሊያቃጥሉ፣ አያቶቼ ወረዱ፤
ግራጫዋ ድንጋይ፣ በእሳት ጉድጓድ ኖራ፣
ነጭ ሆና ትወጣለች፣ ዓይን የምታበራ።»

በእኔ ቋንቋ ቢሆን፣ ቃሉ ሁለት ነበር፤
እሱ በዕብራይስጥ ነው፣ የሚያወጋኝ ነገር።

ለምሳ ስንቀመጥ፣ ከገመዴ ወርጄ፣
«ይህ መንገዳችሁስ፣ ከየት ነው ወዳጄ?»
አልኩት። የወይራ ፍሬ፣ በጉንጩ አዙሮ፣
እንዲህ አወጋልኝ፣ ከሩቅ ጀምሮ፦

«ቃድያን የምትባል፣ የፑንጃብ መንደር፣
እንግሊዝ በነገሠ፣ በዚያ ዘመን ነበር።
ሰባኪ ከሰባኪ፣ ገበያ መሃል ቆሞ፣
አንዱ የአንዱን ነቢይ፣ ሊነቅፍ ተቀዳድሞ፣
አንድ ሰው ተነሣ፤ ‹ሰይፉን ወደ ሰገባ!
ጂሃድ በብዕር ነው፣ በቀለምና በእንባ።
ኢሳም እንደ ሰው ሁሉ፣ ዕድሜ ጠግቦ ሞቷል፤
የምትጠብቁትም፣ የሚመጣው መጥቷል።›
ግማሹ አመነው። ግማሹ ድንጋይ አነሣ።
ከዚያ ወዲህ እኛ፣ ድንጋይ አላጣንም» ብሎ ሳቀ።

«ኋላ ከደማስቆ፣ አንድ መምህር መጣ፣
ጎኑን በጩቤ ወግተውት፣ ከሞት አፍ የወጣ።
አያቴ ውሃ ሰጠው።
ደም ለሚፈስሰው እንግዳ፣ ሃይማኖቱን ማን ይጠይቃል?
ውሃው ነው የጀመረው፣ ልብ በል፤ መጽሐፉ ኋላ ደረሰ።
ዝናብ ሳይገባ ኖራ አቃጣዩ ሁሉ
እጁን በእጁ ላይ ጭኖ ቃል ገባ።
በፍየል በረት ውስጥ፣ በእጅ የሚዞር ማተሚያ ተከሉ፤
ፍየሎቹ ደጅ አደሩ።
ከዚያች በረት የወጣ ወረቀት
ካይሮ ገባ፣ አክራ ገባ፤ የፍየል ሽታው ግን አልለቀቀውም።»

ዝም አለ። የወይራውን ፍሬ ተፋ።

«የምራቴ አባት፣ እዚያው መነሻው አገር ሞተ።
ቀበሩት፤ ድንጋዩ ላይ የአላህን ስም ጻፉ።
በሳምንቱ ፖሊስ ባልዲ ይዞ መጣ።
‹እስላም አይደላችሁም፤ ይህ ስም የእናንተ አይደለም› አለና
ቀባው።
በምን መሰለህ?
በዚህ።» ባልዲዬን በእግሩ ነካ አደረጋት።

እጄን አየሁት። እስከ ክርኔ ነጭ ነው።

አባቴ ትዝ አለኝ።
ሰንበትን በጎንደር ገደል ስር ደብቆ ያሳደገ፣
ወንድሙን ሱዳን አሸዋ ላይ ቀብሮ የመጣ፣
ራባኑት ደጃፍ ላይ ኮፍያውን ይዞ።
ጸሐፊው ቀና እንኳ ሳይል፣ «ለጥርጣሬው ነው» አለው፣
«አንዴ ሚቅዌ ግባ፣ ጥለቅ፤ አይሁድነትህ ይጥራል።»
አባቴ አልጠለቀም።
«እኔ ከዚህ ውሃ በፊት ነበርኩ» አለ፣ ወጣ።
አውቶቡስ ሳይሳፈር እስከ ቤታችን በእግሩ መጣ።

ይህን ለሹክሪ አልነገርኩትም።
ወይም ነግሬዋለሁ፤ ዕብራይስጤ እንዴት እንዳወጣው አላውቅም።
ብቻ የቀረውን ዳቦ ቆርሶ፣ ትልቁን ወደ እኔ ገፋ።

ወደ ማታ የግንቡን እግር ስቀባ፣
ከደጁ በስተቀኝ አንዲት ድንጋይ አገኘሁ፣
ከመጀመሪያው መስጊድ የተረፈች፣
ሻካራ፣ እሳት ያልነካት።
ብሩሼን ስልክ ክንዴን ያዘኝ።
«ይህችን ስንዝር ተዋት።»
«ጥቁር ነጥብ መስላ ትታያለች እኮ!»
«ትታይ።»

ተውኳት።
ዝናቡ ሲመጣ፣ የባሕሩ ጨው ሲነሣ፣
የቀባሁት ሁሉ፣ ይላጣል እንደ ቁስል፣
ሹክሪ ይደውላል፤ ገመዴን አነሣለሁ።
ያቺ ስንዝር ግን፣ ማንም ሳያነጣት፣ ማንም ሳይሽራት፣
ከግንቡ እግር ስር፣ በራሷ መልክ ኖራ…