አሽገኝ

ሥራዬ ማሸግ ነው። ሙጫና ወረቀት፣
አንድ ክብ ማኅተም፣ ቀንና ምልክት።
ቱሉ ዲምቱ ወርጄ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር
በአንድ ቀን ለጠፍኩኝ በሦስት ውርርድ ቤት በር።

ሰዉ ዝም ብሎ ወጣ፤ የያዘውን ይዞ፣
አንዱ ትኬቱን አጥፎ፣ አንዱ እጁ ደንዝዞ።
ቴሌቪዥኑ ብቻ፣ ወሬው ያልደረሰው፣
ይጮሃል፣ ይጫወታል፤ የሚያየው የለም ሰው።

ገንዘብ ተቀባይዋ ፈለቀች፣ መስኮቷን ዘግታ፣
"የእኔስ ደሞዝ?" አለችኝ ቁልፉን በእጄ ሰጥታ።
ቁልፉን ተቀበልኩ። ለጥያቄዋ ግን
ቅጹን ባገላብጥ አጣሁት መስመሩን።

በሳምንቱ ብመጣ ወረቀቴ አለ፤
ዝናብ ጫፉን ቢያርሰው አልተነቀለ።
ከሥሩ፣ ደረጃው ላይ፣ የዚያን ቀኖቹ ሰዎች
ተደርድረዋል፣ አንገት ደፍተው፣ እንደ ኀዘንተኞች።
እያንዳንዱ መዳፍ ላይ የበራች ሜዳ፣
የሚሮጥባትም የማያውቁት እንግዳ።

"የማን ኳስ ነው?" አልኩኝ። አንዱ ቀና ሳይል፣
"የፊንላንድ ሁለተኛ ዲቪዚዮን። ይዘንባል፤ ጎል ይከብዳል።"
ሰማዩን አየሁት። የእኛም ጠቁሯል።
የአራተኛው ፎቅ ልብስ ገመድ ላይ ሳለ
"ሊዘንብ ነው፣ አስገቡ" የሚል ሰው የታለ?

ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣
አበጋዝ መጣ፣ እንደ ማንም ባለጉዳይ፤
ፌሮ አሳሪ ነው፣ ጣቱን ሽቦ በልቶት፣
መታወቂያ ይዞ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ ጨምሮበት።

"አሽገኝ።"
"ምኑን?"
"እኔን። ስሜን ጻፍ፣ ማኅተም ምታ።
ስዊድን አንድ መዝገብ አለ አሉ፤ ቁማር ሰውን ሲረታ
ስሙን ራሱ ያስገባል። በዚያው፣ በአንድ አፍታ፣
ፈቃድ ያለው ቤት ሁሉ በሩን ይዘጋበታል፤
ብሩን ይዞ ቢመጣ 'ስምህ አለ፣ ሂድ' ይለዋል።
ስድስት ወር ካለ፣ ስድስት ወር ነው፤
በሦስተኛው ቀን ተጸጽቶ ቢመጣ የሚከፍትለት ማነው?
እንግሊዝ በዱቤ ካርድ መቆመር ክልክል ነው ይባላል፤
እኔን ስልኬ ያበድረኛል፤ ያንኑ መልሶ ይበላል።"
"ከየት ሰማህ ይህን ሁሉ?"
"ሌሊት። ተበልቼ እንቅልፍ ሳጣ።"

መሳቢያዬን ሳብኩት። ቅጹ ምን ይላል?
የቤት ቁጥር። የፈቃድ ቁጥር። የባለቤት ስም። ያበቃል።
"ወንድሜ፣ እኔ የማሽገው በር ነው" አልኩት።
"እኔም በር ነኝ" አለ፣ "ማንም የገባበት።"

ምን እንደነካኝ አላውቅም።
"ስልክህን" አልኩት። ሰጠኝ። መስታወቱ ላይ፣
ከጥግ እስከ ጥግ፣ ለጠፍኩ፣ ሳልጠይቅ የበላይ።
ማኅተሙን መታሁት፣ ግማሹ ወረቀት፣ ግማሹ ሽፋኑ ላይ።
ቀን ጻፍኩ። ፈረምኩ። ከታች፣ እንደተለመደው፣
"ይህን ማኅተም የቀደደ በሕግ ይጠየቃል" የሚለው።
በሁለት እጁ፣ እንደ ጽዋ፣ ተቀብሎ
ከኪሱ ከተተው፤ ወጣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ።

ሐሙስ ተመለሰ። ወረቀቱ ከመሃሉ ተሰንጥቆ፣
አበጋዝ ቆሟል፣ ዓይኑን ከዓይኔ አርቆ።
"ማን ቀደደው?"
"እናቴ ደወለች።
ዝም አልኩ።
ደገመች።
በሦስተኛው፣ ሰው የሞተ መሰለኝ።
ሽንኩርት ስንት ገባ ልትለኝ ነው።
ከዚያማ... አንዴ ከተከፈተ..."

አልጨረሰውም። ወረቀቱ ላይ ግን ያ መስመር አለ፣
ለሁለት ተከፍሎም "ይጠየቃል" እያለ።
እናቱን ልክሰስ?

"ሌላ ቅጽ አለህ?" አለኝ፣ ወንበር ስቦ።
የሙጫውን ክዳን ፈታሁ።
ያኔ፣ ከኪሱ፣
ስልኩ ጮኸ።